ባሮ ላይ ስድስት ዓመት ቀርቷት የነበረች ጀልባ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦቼ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ሸኙኝ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ትከሻዬ ላይ ካባ ተጣለ። ከዚያ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ተነሥታ ስለ እኔ የተጻፈውን አነበበች። «በሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግሎታቸው አንድም የሂሳብ ግድፈት ያልተገኘባቸው» ስትል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ካባውን ሳወልቅ ግን ንዴት ይሁን ሐፍረት ሳልለይ ወንበር ላይ ወረወርኩት። ሴትዮዋ አልዋሸችም። እኔ በሥራ ዘመኔ አንድ ሰው በድያለሁ፤ የበደልኩት ደግሞ ቁጥር ተሳስቼ አልነበረም። ቁጥሩ እስከ ሳንቲሟ ትክክል ነበር። ይህን ሳልጽፍ ብሞት ያቺን ጭብጨባ ይዤ የምቀበር መሰለኝ፤ ስለዚህ በማግስቱ ደብተር ገዛሁ።

ሥራዬ ቋሚ ንብረት ነበር። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ነገሩ ከባድ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ትራክተር ሲገዛ ገንዘቡን ሁሉ በዚያው ዓመት ወጪ አድርጎ አይጽፍም፤ ትራክተሩ ብዙ ዓመት ያገለግላላ! ስለዚህ የተገዛበትን ዋጋ ትይዛለህ። መጨረሻ ላይ ብረቱ ተቆራርጦ ቢሸጥ ያወጣል የምትለውን ትቀንሳለህ። የቀረውን ይኖራል ብለህ ለገመትከው ዓመት ታካፍላለህ። የሚወጣልህ ቁጥር የየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ነው። በየዓመቱ እኩል ስለሚቀነስ «የቀጥታ መስመር» ይሉታል። ተቀንሶ ተቀንሶ በእጅህ የሚቀረው የመዝገብ ዋጋ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በአሥር ደቂቃ ይማረዋል። ዛሬማ ልጆቹ ኮምፒውተሩን አንዴ ሲነኩት የሃያ ዓመቱን ሁሉ ዘርዝሮ ያወጣላቸዋል።

በሂሳብ መዝገብ አያያዝ ተመርቄ የተቀጠርኩት አዲስ አበባ፣ በዋናው መሥሪያ ቤት ነበር። ሁለት ዓመት ከጠረጴዛ ሳልነሣ ቫውቸር ላይ ማኅተም ስመታ ቆየሁ። ቀጥሎ ወደ መቱ ላኩኝ። መቱን ገና ሳልለምዳት «ለስድስት ወር ብቻ ጋምቤላ ወርደህ ሂሳብ ክፍሉን አግዝ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። የበረሃ አበል ነበረበት፤ እኔም ወጣት ነበርኩ። ከጎሬ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ሲቀበለኝ ሹፌሩ ዘወር ብሎ «ስድስት ወር ነው ያሉህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይኸው እዚሁ ሸመገልኩ።

የተመደብኩበት የመንግሥት እርሻ ከከተማው ወደ ታች፣ ከባሮ ወንዝ ማዶ ነበር። ጥጥና በቆሎ ያመርታል። ጽሕፈት ቤቱና መጋዘኑ በከተማው ወገን ናቸው። በበጋ ዞሮ የሚገባ መንገድ አለው። ክረምት ሲመጣ ግን መንገዱ ይዋጥና ሠራተኛውም፣ ዘሩም፣ ናፍጣውም፣ ወባ የጣለው ሰውም የሚሻገረው በአንዲት የብረት ጀልባ ነበር።

የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዘሪሁን ይባላሉ። በስብሰባ ላይ «ጓድ ዘሪሁን» ሲባሉ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ወደ ኋላቸው ይመለከቱ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ሌጀር የሚሉትን ዋናውን የሂሳብ መዝገብ ከመግለጣቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ በዚያ ሙቀት ላብ ያለበት ጣት ቀለሙን ያጠፋዋል። መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋሉ፣ አንድ ቀን ያሳድሩታል፣ በማግስቱ በቀለም ያጸኑታል። እኔ በአንድ ቀን የምጨርሰውን እሳቸው ሦስት ቀን ይይዙታል። አንጀቴ እርር ይል ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ንብረት አቆጣጠራቸው ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ንብረት ተቆጥሮ እንዲመጣ የሚፈልገው በበጀት ዓመቱ መዝጊያ፣ በሰኔ ነው። ጋሽ ዘሪሁን ሰኔን አይጠብቁም። ሚያዝያ ላይ ባሮ ሲጎድልና ጀልባዋ አሸዋ ላይ ስትወጣ ወረቀታቸውንና አንድ ትልቅ የመጋዘን ቁልፍ ይዘው ይወርዳሉ። እኔም ተከትያቸው።

«ጋሽ ዘሪሁን፣ ጀልባዋን እኮ ከዚህም ሆነን እናያታለን» አልኳቸው በመጀመሪያው ዓመት።

«ምኗን ታያለህ?»

«መኖሯን ነዋ።»

«መኖሯንማ ዘበኛውም ያያል። በሰኔ ሆዷ ውሃ ውስጥ ነው። አንተ የምትቆጥረው ሆዷን ነው።»

ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው ይንበረከኩና በቁልፉ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ የጀልባዋን ሆድ ስንዝር በስንዝር ያንኳኳሉ። ወፍራም ብረት ድው ይላል። የሳሳ ብረት እንደ ባዶ ጣሳ ይንቋቋል። ጣሳ የሚመስለውን ቦታ በጠመኔ ያከቡታል። አንኳኩተው ሲጨርሱ ወደ ጀልባ ነጂው ዞር ብለው «አንተስ ምን ትላለህ?» ይላሉ። ለትራክተርም፣ ለጄኔሬተርም፣ ለውሃ ፓምፕም እንዲሁ ነበሩ። የሚይዘውን ሰው ሳይጠይቁ ዘመን አይሰጡም።

ጀልባ ነጂው ኦቻላ ነበር። ያን ጊዜ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የማይቸኩል አኝዋክ ነው። ባሮ ዳር ተወልዶ ባሮ ላይ ያደገ ስለሆነ አሸዋው በየዓመቱ የት እንደሚሸሽ ያውቃል። አማርኛውን የተማረው ከሠራተኞች ነው፤ ጥቂት ቃል ነበረው፣ ግን የምትበቃው ጥቂት ነበረች። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ሂሳብ» ይለኝ ነበር። «ሂሳብ፣ ደኅና አደርክ?»

የጋሽ ዘሪሁንን ዋጋ ያየሁት በአንድ ትራክተር ነው። በአርባ ሁለት ሺህ ብር ተገዝቶ፣ የቁርጥራጩ ዋጋ ሁለት ሺህ ተገምቶ፣ አሥር ዓመት ተሰጥቶት በዓመት አራት ሺህ ይቀነስለት ነበር። በተገዛ በአራተኛው ዓመት ሹፌሩን ጠየቁት። «ጋሼ፣ ይሄ ጥቁር አፈር ክረምቱን ሙሉ እየጎተተ አንጀቱን ጨርሶታል። ሦስት ዓመት ካገኘን ተመስገን ነው» አላቸው። እሳቸውም ተቀምጠው ቀሪውን ሃያ አራት ሺህ ለስድስት ሳይሆን ለሦስት አካፈሉት። ቅናሹ በአንዴ ስምንት ሺህ ሆነ። የአገልግሎት ዘመን ማሻሻያ የሚባል ቅጽ አለ፤ የሂሳብ ኃላፊው ፈርሞ ይልካል። ከዋናው መሥሪያ ቤት «ወጪያችሁ ለምን እጥፍ ሆነ?» የሚል ቁጣ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ተፈራ ደብዳቤውን እያራገቡ ቢሮአችን ገቡ።

«ዘሪሁን፣ ይህ እኮ አሻጥር ይመስላል! የመንግሥት ንብረት ያለ ጊዜው ገደልክ ይሉናል።»

«እኔ አልገደልኩትም። ሲሞት አይቼ ነው የጻፍኩት» አሉ ጋሽ ዘሪሁን፣ ብዕራቸውን ሳያስቀምጡ።

ጓድ ተፈራ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈሪ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ይበላ ስለነበር አልፈርድባቸውም። ትራክተሩ ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ማሳ ውስጥ ቆመ፤ በመዝገብ ላይ የቀረው ሁለት ሺህ ብር ብቻ ስለነበር ማንም አልተጠየቀም፣ ተተኪውም ያለ ጭቅጭቅ መጣ። ያን ጊዜ የገባኝ ጋሽ ዘሪሁን ብልህ መሆናቸው ብቻ ነው። ያ ቅጽ ትራክተሩን የያዘውን ሹፌር እንዳዳነው አልታየኝም።

አብረን አራት ዓመት ሠርተን ጋሽ ዘሪሁን ጡረታ ወጡና ቤተሰባቸው ወዳለበት ወደ መቱ ሄዱ። በመጨረሻው ሚያዝያ ጀልባዋን ካንኳኩ በኋላ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ይቺ ጀልባ በወረቀት ላይ አሥራ አምስት ዓመት ተሰጥቷታል። አዲስ አበባ ያሉት ባሮ ሐይቅ መስሏቸው ነው የሰጧት። ባሮ ይልሳታል። ከእንግዲህ በየዓመቱ ስማት፤ ዘመኗን ማሳጠርህ አይቀርም» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው።

ኃላፊ ሆንኩ። በመጀመሪያው ዓመት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር ወረደ፤ ቆጠራ በመላው ድርጅት ከሰኔ ሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ብቻ ይካሄዳል፣ ከዚያ ውጭ የሚደረግ ቆጠራ ተቀባይነት የለውም ይላል። ሚያዝያ ላይ ወርደህ ጀልባ አታንኳኳ ግን አይልም። ይህን ዛሬ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሰበብ ሆነችልኝ። ሰኔ ላይ ባሮ አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ወንዙ ዳር ቆሜ፣ ወረቀቴ ላይ «የብረት ጀልባ፦ አንድ፤ ሁኔታ፦ ያለች» ብዬ ጻፍኩ። ያለፈውን ዓመት ሠንጠረዥ ገልብጬ ሦስት ሺህ ቀነስኩ። ሂሳቤን ሐምሌ አምስት ላይ ዘግቼ ከሁሉም እርሻዎች ቀድሜ ላክሁ። የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ። በሁለተኛውም ዓመት መጣልኝ። ደብዳቤዎቹን ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው፤ ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ዛገ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ኦቻላ ቢሮዬ መጣ። ቢሮ መግባት አይወድም ነበር፤ በሩ ላይ ቆመ።

«ሂሳብ፣ ጀልባው አሸዋ ላይ ወጥቷል። ቁልፍ ይዘህ ና።»

«ምን ሆነች?»

«ሆዱ አልቋል። ለመስከረም አብዮት በዓል ቀይ ቀለም ይቀቡታል፣ በየዓመቱ ይቀቡታል። አሁን ውሃውን የያዘው ቀለሙ ነው። ብረት የለም።»

«ጥገና ጠይቅ እንጂ።»

«ጠየቅሁ። ጓድ ተፈራ ‹ሂሳብ ይፈርም› አለ። አዲስ ብረት ብዙ ነው። አንተ ‹ጀልባው አርጅቷል› ብለህ ካልጻፍክ አይሰጡም።»

መዝገቡን ገለጥኩ። እጄን አልታጠብኩም። ጀልባዋ በአርባ ስምንት ሺህ ተገዝታለች፤ ሦስት ሺህ ለቁርጥራጭ፣ አርባ አምስቱ ሺህ ለአሥራ አምስት ዓመት። «ከዘንድሮው ሰኔ በኋላ እንኳ ገና ስድስት ዓመት አላት» አልኩት፣ ገጹን ወደ እሱ አዙሬ። ማንበብ እንደማይችል እያወቅሁ ነው ያዞርኩት።

ኦቻላ ገጹን ሳይሆን እኔን አየኝ። ከዚያ ሳቀ። «ለጀልባው ነግረኸዋል?»

እኔም ሳቅሁ። ነገሩ በሳቅ አለፈ። ከቢሮዬ እስከ ወንዙ ሩብ ሰዓት አያስኬድም። ለምን አልሄድኩም? ፈርቼ ነበር፤ ዘመኗን ባሳጥር እንደ ጋሽ ዘሪሁን የምቆም ሰው አልነበርኩም። ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ያን ዓመት ሂሳቤን ለሦስተኛ ጊዜ ቀዳሚ ሆኜ ከዘጋሁ ዕድገት እንደሚሰጠኝ ሹክ ብለውኛል። ቅጽ መሙላት፣ ማብራሪያ መጻፍ፣ መልስ መጠበቅ ሁለት ወር ይፈጃል። ሠንጠረዤ እንዳይበላሽ ሳስቼ ነው። ሰኔ ላይ እንደ ልማዴ ወንዙ ዳር ቆሜ «ያለች» ብዬ ጻፍኩ። የመዝገብ ዋጋ፦ ሃያ አንድ ሺህ ብር።

ነሐሴ ውስጥ፣ ከረፋዱ ላይ፣ አሥራ አንድ ሠራተኞች፣ የማዳበሪያ ጆንያና ባዶ የናፍጣ በርሜል ጭና ስትሻገር የጀልባዋ ሆድ ወንዙ መሀል ላይ ተከፈተ። ጩኸቱ ቢሮ ድረስ ተሰማ። ሮጠን ስንደርስ ጀልባዋ የለችም፤ ቀይ የቀለም ቅርፊትና ባዶ ጆንያ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ኦቻላ መዋኘት የማይችሉትን ደገኞች ባዶ የናፍጣ በርሜል አስይዞ እየገፋ፣ አንዱን አድርሶ ሌላውን ሊያመጣ እየተመለሰ፣ አሥራ አንዱንም ዳር አወጣቸው። በመጨረሻ እሱ ራሱ ጭቃው ላይ በአፉ ተደፋ። ሰው ባለመሞቱ እስከ ዛሬ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። በማግስቱ ግን ኦቻላን ያመሰገነው አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሰው ቢሞት ሐዘን ይባል ነበር፤ የመንግሥት ንብረት ሲጠፋ ወንጀለኛ ይፈለጋል።

ከሳምንት በኋላ ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ መጣ። በጓድ ተፈራ ቢሮ ተቀመጡ። ኦቻላ ከግድግዳው ጥግ አግዳሚ ላይ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔን መዝገቤን ይዤ እንድገባ ጠሩኝ።

«ጀልባዋ የስንት ዓመት ነበረች?» አሉ ሰብሳቢው።

«ዘጠኝ።»

«ቀሪ ዘመኗስ?»

«ስድስት ዓመት።»

«የመዝገብ ዋጋዋን ያንብቡልን።»

«ሃያ አንድ ሺህ ብር።»

«ስለዚህ ጀልባዋ ገና ደኅና ነበረች ማለት ነው?»

መልሱን አውቀው ነበር። «በመዝገቡ መሠረት፣ አዎ» አልኩ።

ሰብሳቢው ወደ ኦቻላ ዞሩ። «ጀልባዋ እንዲህ ከተበላሸች ለምን አላሳወቅህም?»

«ተናግሬአለሁ» አለ ኦቻላ።

«ለማን?»

ኦቻላ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ሲንቋቋ ብቻ ነበር። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ አንድ ቃል ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ፣ አሥር ቃልም ይበቃኝ ነበር። ሌጀሩን ዘጋሁት። ሰብሳቢው «መልስ የለውም ብላችሁ ጻፉ» አሉ።

ኦቻላ በቸልተኝነት የመንግሥትን ንብረት በማጥፋት አምስት ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱ ላይ የንብረቱ ግምት ተጽፏል፤ ሃያ አንድ ሺህ ብር፣ የእኔ ቁጥር። በሚያዝያ ያን ቅጽ ፈርሜ ቢሆን ያቺ ጀልባ በመዝገብ ላይ ቁርጥራጭ ነበረች፤ ቁርጥራጭ አሰመጥክ ተብሎ ማንም አይታሰርም። ደጋ ላይ ወዳለ ወህኒ ቤት ወሰዱት። ብርድ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ በመስከረም ዕድገቴን አገኘሁ።

ከወር በኋላ አንድ ጆንያ በቆሎ አስጭኜ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ አሪየት ልጅ አዝላ ወጣች። አማርኛዋ ከኦቻላም ያነሰ ነበር። ጆንያውን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«በቆሎ አለኝ» አለች። «አንተ ወረቀት የምትጽፍ ሰው ነህ። ወረቀት አምጣ።»

በቆሎውን አስጭኜ ተመለስኩ። በዚያው ሳምንት በመኪና ተሳፍሬ መቱ፣ ጋሽ ዘሪሁን ቤት ወጣሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ሚያዝያ ላይ ወርደህ ነበር?»

«አልወረድኩም።»

«እንግዲያው የምታውቀውን ለአጣሪዎቹ ጻፍላቸው፤ ኦቻላ እንደነገረህ፣ አንተ እንዳልሄድክ። ሌላ ምን ልበልህ ልጄ?» አሉኝ። እስከ በር እንኳ አልሸኙኝም። ከዚያ ወዲህ በሕይወት አልተገናኘንም፤ ሲያርፉም የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል፣ መጀመሪያ በእርሳስ፣ በማግስቱ በቀለም። ለጓድ ተፈራ ወስጄ ሰጠኋቸው፤ በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። በሩን ዘጉ።

«ወንድሜ፣ ይህን ካስገባሁት እሱ አይወጣም፤ አንተ አጠገቡ ትቀመጣለህ። እኔም ከሁለታችሁ አጠገብ። ልጆች አሉኝ።» ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «አስገባ የምትለኝ ከሆነ ግን አስገባዋለሁ። አንተ በለኝ።»

ይህችን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ሥራ አስኪያጁ ከለከለኝ ስል ሰምቶኝ ይሆናል። አልከለከሉኝም። አንተ በለኝ አሉኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ኦቻላ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ተፈታ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው፤ ወሬው ሁሉ ጦርነት ነበር፣ እርሻውም ወደ መበተኑ ተቃርቦ ነበር። መምጣቱን ስሰማ ሁለት ቀን አመነታሁ። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ዳር ማንጎ ሥር የእንጨት ታንኳ እየጠረበ አገኘሁት። ከስቷል። በየጥቂቱ መጥረቢያውን ያቆምና ሳል ያጣድፈዋል፤ የደጋው ብርድ ደረቱ ውስጥ ቀርቷል።

«ሂሳብ፣ ደኅና ነህ?» አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል።

ሰላምታውን ሳልመልስ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ያን ቀን ስሜን ለምን አልጠራህም?» አልኩት።

«ብጠራ አያምኑም። ‹ለመዳን ዋሸ› ይላሉ። የሚያምኑት ያንተን አፍ ነው።» መጥረቢያውን አስቀመጠ። «ስለዚህ ጠበቅሁህ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል አልኩ። መጽሐፉን ስትዘጋ መጠበቅ ተውኩ።»

እንባዬ መጣ፤ ትልቅ ሰው ሆኜ ወንዝ ዳር አለቀስኩ። አላባበለኝም፣ አልሰደበኝም። ሳሉን ይስል ነበር። ሲበቃኝ «ምን ላድርግልህ? አሁንም እጽፋለሁ፤ የምትለኝን እጽፋለሁ» አልኩት።

«አሁን ማን ያነባል? እነዚያ ሰዎች ይሄዳሉ።» ትንሽ አሰበ። «የአሪየት ወንድሞች ‹ጠጥቶ ነው ያሰመጠው› ይላሉ። ልጆቼም ይሰማሉ። እሁድ ቤቴ ና። ለሰዎቼ ንገር።»

እሁድ ሄድኩ። አሪየት፣ ሁለት ወንድሞቿ፣ የኦቻላ አሮጊት እናት፣ አራት ልጆቹ ከጎጆው ፊት ለፊት ተቀምጠው ጠበቁኝ። አማርኛ በደንብ የሚሰማ ስላልነበረ ኦቻላ ሊያስተረጉምልኝ አጠገቤ ተቀመጠ። ኦቻላ በሚያዝያ እንደነገረኝ፣ እኔ ሄጄ እንዳላየሁ፣ ጠጥቶ እንዳልነበረ ተናገርኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎመላቸው፤ አሪየት ወንድሞቿን ቀና ብላ አየቻቸው፣ እነሱም አቀረቀሩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ቀጠልኩ። ስለ ሰርኩላሩ አስረዳሁ፤ ቆጠራ በሰኔ ብቻ እንዲሆን መታዘዙን፣ አሥራ አምስቱን ዓመት የሰጣት ዋናው መሥሪያ ቤት እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ፣ የቀጥታ መስመር አሠራር የወንዙን ጠባይ እንደማያውቅ፣ ኮሚቴው የጠየቀኝ የመዝገቡን ዋጋ ብቻ እንደነበር፣ ደብዳቤ ጽፌም እንደነበር። ላቤ እየወረደ ብዙ ተናገርኩ። ኦቻላ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ዞሮ በቋንቋቸው ሁለት ቃል ብቻ አለ።

አሮጊቷ እናቱ ገብቷት ራሷን ነቀነቀች። ልጆቹ አዩኝ።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«‹ፈርቶ ነው› አልኳቸው» አለ ኦቻላ። «ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አልኩት።